ሳልጣላ የታረቅኩበት ዕረፍት

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ አንድ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይዛ መጣች። ሐይቅ ዳር አዲስ የተሠራ ማረፊያ ነው። ሥዕሉ ላይ ነጭ የለበሰች ሴት እግሯን አጣጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷን ወደ ውሃው አዙራ ተቀምጣለች። ከሥሯ «እዚህ ማንም አያስቸግርዎትም» ይላል። ስልክ የለም፤ ቴሌቪዥን የለም፤ አስተናጋጆቹ እንኳ ካልጠሯቸው በቀር አይናገሩም።

«አጎቴ፣ አንተ ሰው አትወድም፤ ለአንተ የተሠራ ነው» አለችኝ።

ሰው አይወድም መባሌን አልተቃወምኩም፤ ብዙ ዓመት ደክሜ ያገኘሁት ስም ነው። ያልተዋጠልኝ ሌላው ነው። «ማንም አያስቸግርዎትም» የሚለው ተስፋ ከማረፊያ ይልቅ ለመቃብር ቦታ ማስታወቂያ ይስማማል። ደግሞም ይህን ዓይነቱን ዕረፍት ገና በወጣትነቴ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ወለጋ ውስጥ አርጆ ላይ ሞክሬዋለሁ። በዕድሜዬ ካረፍኩባቸው ቀናት ሁሉ የሚበልጡብኝም እነዚያ ናቸው። ታዲያ ሰው ስላላስቸገረኝ አልነበረም።

ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ነቀምቴ የተመደብኩ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። የተከራየኋት ክፍል በቀኝ ግድግዳዋ ከጠጅ ቤት፣ በግራዋ ደግሞ መዝሙር ከሚለማመዱ የወንጌላውያን ወጣቶች ጋር ትዋሰን ነበር። ሁለቱም ወገኖች ሲመሽ ይጀምራሉ፤ አንዱ ከፍ ሲያደርግ ሌላውም ከፍ ያደርጋል። እኔ በመካከላቸው እንደ ድንበር ምልክት ተጋድሜ አድራለሁ። በዚያ ላይ ዓለምን ትተው ጎጆ ውስጥ ብቻቸውን ስለተቀመጡ ጠቢባን አነብ ነበር። በዚያ ዕድሜ የሚነበብ መጽሐፍ ሁሉ ትእዛዝ ይመስላል። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባደድ ሰው የሌለበት ቦታ ሄጄ ካላረፍኩ እሞታለሁ ብዬ በየሄድኩበት ማውራት ጀመርኩ።

ሞሲሳ የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ጓደኛዬ ይህን መስማት ሳይሰለቸው አልቀረም።

«ቤት አለኝ» አለኝ አንድ ቀን። «አርጆ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ። አዲስ ነው፤ ማንም አይኖርበትም። እናቴ ለገበያ ስትመጣ እነግራታለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ አባቴ ፊት ስሜን እንዳታነሣ። አንነጋገርም።»

«ለምን?»

«ቤት ሠራልኝ።»

«እና?»

«በቃ፤ ቤት ሠራልኝ።»

በሁለት ግድግዳ መካከል ለሚሰቃይ ሰው ቤት ተሠራልኝ ብሎ ከአባቱ የሚጣላ ፍጡር እብድ ነው። እብዱን አመስግኜ ጳጉሜን ላይ ጉዞ ጀመርኩ።

የአርጆ መንገድ በክረምት ማብቂያ መንገድ አይባልም፤ የመንገድ ሐሳብ ነው። የተሳፈርኩበት ጨው የጫነ የጭነት መኪና በየዳገቱ ሥር ይቆማል፤ ተሳፋሪው ይወርዳል፤ ይገፋል፤ ቀይ ጭቃ ይቀባል፤ ተመልሶ ይወጣል። ሹፌሩ «አይዟችሁ፣ ይኼ የመጨረሻው ነው» ባለ ቁጥር አንድ ሌላ ዳገት ይመጣል። በመጨረሻ መኪናው ጨርሶ አልነሣ ሲል የቀረውን በኪራይ በቅሎ ሄድኩ። መንገዱን ግራና ቀኝ አደይ አበባ ወርሶታል፤ አየሩ እርጥብ አፈርና የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል። አርጆ ስደርስ ከተማው በጉም ተሸፍኖ ነበር። ጠቢባኑ ያሉት ቦታ ይኸው ነው ብዬ ልቤ ሞቀ።

ቤቱ ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ በበቆሎ ማሳ ዳር ቆሟል። ቆርቆሮ ክዳን፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ በርጩማ፣ ገና የጥድ እንጨት የሚሸት በር። ግሩም ነበር። ጠዋት ከጫካው የሚመጣ የጉሬዛ ጩኸት ይቀሰቅሰኛል፤ ተነሥቼ ተመልሼ እተኛለሁ። ከምንጩ በሚወርደው ቀዝቃዛ ውሃ እታጠባለሁ። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ላይ መጀመሪያ እንደ ጤፍ፣ ቀጥሎ እንደ ሽምብራ፣ ቀጥሎ ሰማዩ ጆንያውን እንዳለ እንደገለበጠው ይወርዳል፤ እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ መጽሐፍ ደረቴ ላይ ከፍቼ አዳምጣለሁ። አላነብም። መጽሐፍ ለዕረፍት ይዞ መሄድ ጥቅሙ አለማንበብ መሆኑን ያወቅኩት እዚያ ነው። ጉሙ ሲገለጥ ከታች በሩቁ የደዴሳ ቆላ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ማንም አያናግረኝም። የሞሲሳ አባት ኦቦ ዋቅጋሪ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጠዋት በማሳው ዳር ሲያልፉ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው «ነጋ?» ብለው ሰላም መሆኔን ብቻ ጠይቀው የሚሄዱ ሰው ናቸው።

ችግሩ ባለቤታቸው አዴ በዳቱ ነበሩ። ወተትና እሸት በቆሎ ያመጣሉ፤ ካመጡ በኋላ ደግሞ አይሄዱም። ደጃፉ ላይ ቆመው እንደ ሐኪም ያዩኛል።

«ማል ታቴ፣ ኢልማ ኮ? ምን ሆነህ ነው ልጄ?»

«ምንም አልሆንኩም እማማ።»

«ሰው ሞቶብህ ነው?»

«ኧረ ማንም አልሞተብኝም።»

«አሞህ ነው?»

«ደክሞኝ ነው። ለማረፍ ነው የመጣሁት።»

«የደከመው ሰው ወደ እናቱ ይሄዳል እንጂ በሰው አገር ለብቻው ይተኛል?»

ለዚህ ከጠቢባኑ አንዱም መልስ አላዘጋጀልኝም።

ከዚያ ቀጥሎ «መስቀልን የት ነህ?» ሲሉኝ «እዚሁ» አልኩ። ትልቁን ስሕተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። በዚያ አገር መስቀል ሲደርስ እግር ያለው ሁሉ ወደ አባቱ ቤት ይሄዳል፤ እግር የሌለው በቅሎ ይለመንለታል። ጤነኛ ጎረምሳ፣ አባቱ በሕይወት እያለ፣ መስቀልን በሰው ቤት አውላለሁ ካለ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ ከአባቱ ተጣልቷል። አዴ በዳቱ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው የበቆሎውን ቆረቆንዳ ሰብስበው ሄዱ።

በማግስቱ ጎረቤት መምጣት ጀመረ። አንዱ እርጎ ይዞ ይመጣል፤ ይቀመጣል፤ ይተነፍሳል፤ «አባት አባት ነው» ብሎ ይሄዳል። ሌላዋ ጩምቦ ታመጣለች፤ ይኸውም ወፍራም የጤፍ ቂጣ በቅቤና በዓይብ የራሰ ነው፤ «ደም ውሃ አይሆንም» ብላ ትሄዳለች። መጀመሪያ የአገሩ ሰላምታ መስሎኝ «አዎን፣ አይሆንም» እያልኩ እበላ ነበር። ነገሩ የገባኝ ኦቦ ፊጤ ሲመጡ ነው።

ኦቦ ፊጤ የአካባቢው አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚደርስ አሮጌ ካቦርት ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ በርጩማዬ ላይ ተቀመጡ። አማርኛቸውን የተማሩት በመሬት ክርክር ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ስለሆነ ሌላ ዓይነት አማርኛ አያውቁም።

«አባትህን የበደልክበትን ነገር ዘርዝረህ አስረዳ» አሉኝ።

«ኧረ አልበደልኳቸውም፤ አልተጣላንም።»

«ክሱን ክደሃል ማለት ነው።»

«አልካድኩም...»

«እንግዲያውስ አምነሃል።»

ዝም አልኩ። ዝምታ ፍለጋ የመጣሁ ሰው አይደለሁ? ኦቦ ፊጤ ዝምታዬን በሚገባ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ዝም ማለት ማመን ነው» ብለው ተነሡ። ከዚያ ወዲያ ብምል ብገዘት የሚሰማኝ አልነበረም። ስለ እኔ የሚመሰክር፣ ቤተሰቤን የሚያውቅ ሰው ተፈለገ። በአውራጃው ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ሞሲሳ። ስሙ በዚያ ግቢ ውስጥ የማይጠራ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ኦቦ ፊጤም ስሙን አልጠሩም። ኦቦ ዋቅጋሪ ዘንድ ሄደው «የእንግዳህ ጓደኛ፣ ነቀምቴ ያለው አስተማሪ፣ ለምስክርነት ይፈለጋል» አሉ። ኦቦ ዋቅጋሪ እርፋቸውን ሲጠርቡ ነበር። ብዙ ጠረቡ። በኋላ ቀና ሳይሉ «ለእንግዳው ከሆነ ይጠራ» አሉ። አዴ በዳቱ ያን ዕለት የቤቱን ወለል ሁለት ጊዜ ሲለቀልቁ አየሁ።

ሞሲሳ በመስቀል ዋዜማ ከጠዋቱ ደረሰ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ከፈረስ ዘለለና ትከሻዬን ጨበጠኝ።

«ምን ሆንክ? በጠና ታሟል ብለው ነው የላኩብኝ!»

«አልታመምኩም። ከአባቴ ተጣልቻለሁ።»

«ከአባትህ? ባለፈው ወር ካልሲ ልከውልህ የለም እንዴ?»

«ዝም በል፤ ሽማግሌዎቹ እንዳይሰሙህ።»

ሸንጎው ትልቁ ቤት ፊት ለፊት፣ አዲስ ታጭዶ በተነሰነሰ ሳር ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ከነገለፈቱ በቅቤ የተቆላ ቡና በጣባ እያዞሩ አንድ አንድ ፍሬ ያኝካሉ። ሞሲሳ ከሰው ሁሉ ኋላ ተቀመጠ። አባቱም ሳያዩት «ነጋ» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አልታወቀም፤ ለሳሩም ሊሆን ይችላል።

ኦቦ ፊጤ ጸሎት አስደረጉና በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

«ከሳሽ አባት አዲስ አበባ በመሆኑ በችሎቱ አልተገኘም። አባት የሌለበት ዕርቅ ደግሞ ዕርቅ አይባልም። ስለዚህ ዋቅጋሪ፣ አንተ በአባትየው ምትክ ተቀመጥ።»

«እኔ?»

«አባት አይደለህም እንዴ?»

ኦቦ ዋቅጋሪ ቀስ ብለው ተነሥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሰፋፊ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩአቸው ጀመር።

«አባት ሆይ፣ ልጅህ ምን በደለህ?»

አይጽፍልኝም፣ አይጠይቀኝም የሚል ነገር ስለ እኔ ይፈጥራሉ ብዬ ጠበቅኩ። የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ ያን ያህል ግን ይገባኝ ነበር።

«ቤት ሠራሁለት» አሉ።

ቡና ያኝኩ የነበሩት ማኘክ አቆሙ።

«እንጨቱን ከቆላው አፋፍ ራሴ አመጣሁት። ቆርቆሮውን ከነቀምቴ በአጋሰስ አስጫንኩ። ሲያልቅ፣ እኔ ፍየል ነኝ እንዴ በረት የምትሠራልኝ አለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ማን እንደሚወራ ያልገባው ሰው ከነበረ ኦቦ ፊጤ ብቻ ናቸው። ወደ እኔ ዞሩ።

«ተከሳሽ፣ ይህን ብለሃል ወይስ አላልክም?»

አፌን ከፈትኩ። መልሱ ግን ከኋላ መጣ።

«ብሏል» አለ ሞሲሳ። «ግን ለምን እንዳለም ይጠየቅ። ቤቱ በተመረቀ ቀን አባትየው ተነሥቶ፣ ለምርቃቱ የመጡት ምእመናን በሙሉ እየሰሙ፣ ሚስትም አጭቼለታለሁ አለ። ልጁ የሰማው ከሰው እኩል ነው። ልጅቷም እዚያው ቆማ ነበር። እሷም የሰማችው ያን ጊዜ ነው።»

«ዋቅጋሪ፣ ይህ እውነት ነው?»

«ቸኮልኩ።»

«ምን አስቸኮለህ?»

ኦቦ ዋቅጋሪ አንዲት የሳር ሰበዝ አንሥተው ሰነጠቋት። «ሄዶ እንዳይቀር ነው» አሉ። «ቀለም የቆጠረ ሁሉ ሄዶ ይቀራል። ቤት ካለው፣ ሚስት ካለችው፣ ይመለሳል አልኩ። ቸኮልኩና ራሴ አባረርኩት።»

ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። የማንሣት ድምፅ አልተከተለም። የሞሲሳን ፊት ለማየት ፈራሁ። የቤቱ ሰው ሁሉ እየዘለለ ሲያልፈው የኖረ ጉዳይ በሳሩ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ማንም የሚያነሣው ጠፋ። ከዚህ በኋላ አባትና ልጅ ወይ ይነጋገራሉ፣ ወይ ሞሲሳ ፈረሱ ላይ ወጥቶ ለዘለዓለም ይሄዳል። ፈረሱ ኮርቻው ገና አልተፈታም።

«ተከሳሽ!» አሉ ኦቦ ፊጤ። «የአባትህን ቃል ሰምተሃል። ምን ትላለህ?»

ሁሉም አየኝ። ስለ አባቴ የምለው አልነበረኝም፤ ስለ ሞሲሳ የምለው ደግሞ የእኔ አልነበረም። በእርግጠኝነት መመስከር የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቤቱ ጥሩ ቤት ነው» አልኩ። «እዚያ ነው የማድረው። ይህ ሁሉ ዝናብ ዘንቦ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም።»

«በምንጩ በኩል ያለው ጥግ ያፈስ ነበር» አለ ሞሲሳ፣ ወደ መሬት እንዳቀረቀረ።

«አያፈስም።»

«ጠግኜዋለሁ» አሉ ኦቦ ዋቅጋሪ።

ሞሲሳ ቀና አለ። «መቼ?»

«በየክረምቱ።»

«ሰው ለማይኖርበት ቤት? ለማን ብለህ?»

«ለዝናቡ ነዋ!» አሉ አባቱ ተቆጥተው።

ቀድሞ የሳቀው ሞሲሳ ነው። ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፤ አመለጠው። «ለዝናቡ!» አለ፤ አንዱ ሽማግሌ ቡናው ትን አለው፤ ጀርባውን ሲመቱለት እሳቸውም፣ ኦቦ ዋቅጋሪ ማለቴ ነው፣ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በጓዳው በር አዴ በዳቱ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ቆመዋል። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም፤ እሳቸውም የለዩት አይመስለኝም።

ኦቦ ፊጤ ግን ሥነ ሥርዓት በሳቅ እንዲፈርስ የሚፈቅዱ ሰው አልነበሩም። «ጸጥታ!» አሉ። «ተከሳሽ፣ ተነሥተህ የአባትህን ጉልበት ሳም።»

ታዛዥ ነኝና ተነሣሁ። ከኋላ ደግሞ ሞሲሳ ሰው እየተራመደ መጣ። እኩል ደረስን። እግዚአብሔር ለሰው ሁለት ጉልበት የሰጠው ለእንዲህ ያለ ቀን ይሆናል፤ ግራውን እኔ፣ ቀኙን ሞሲሳ ሳምን። የኦቦ ዋቅጋሪ እጅ እኔ ራስ ላይ ለደንቡ ያህል አረፈና ተነሣ። ከሞሲሳ ራስ ላይ ግን አልተነሣም። ኦቦ ፊጤ ምርቃቱን ጀመሩ፤ ጉባኤው «ሃ ተኡ፣ ይሁን» እያለ ተቀበለ፤ እጁ እዚያው ነበር።

ይህን ታሪክ ያወራሁላቸው ወዳጆቼ ሁሉ ጥበበኛ መምሰል ይወዳሉና «ሽማግሌው እኮ ሆን ብለው ነው! የአንተን አስመስለው የእነሱን አስታረቁ!» ይሉኛል። እንዲህ ያለው ትርጉም ያናድደኛል። እኔ እዚያ ነበርኩ። ኦቦ ፊጤ ምንም አላቀዱም፤ ሲሸኙኝ እንኳ «አባትህ ይግባኝ እንዳይል ቶሎ ድረስለት» ነው ያሉኝ። ሰውየው ከራስ ጠጉራቸው እስከ ካቦርታቸው ጫፍ ተሳስተው ነበር። ዓለም በሊቃውንት ዕቅድ ካገኘችው ሰላም በደግ ሰው ስሕተት ያገኘችው ይበልጣል ብል ማን ይረታኛል? ስለ ልጅቷ የሚጠይቅ ካለ፣ በታጨች በዓመቷ ጊምቢ የምትወደውን አግብታ ነበር። በዚህ ሁሉ ጣጣ ማንንም ያልጠበቀች እሷ ብቻ ናት።

የእኔ ዕረፍት በዚሁ አበቃ ማለት ይቻላል። ሞሲሳ ቤቱን ስለተረከበ ከነመጽሐፌ ወደ ትልቁ ቤት ተዛወርኩ። እዚያ ዝምታ የሚባል ነገር የለም፤ ጥጃው ይተነፍሳል፣ እንግዳው ያንኮራፋል፣ አዴ በዳቱ ልጃቸው ምን ምን እንደሚበላ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ይዘረዝራሉ። መስቀልን በአንጮቴ ዋልን። አንጮቴ ከመሬት የሚቆፈር ሥር ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተወቅጦ፣ ያለ ቅቤ ከቀረበ እንደ ስድብ ይቆጠራል። እኔ አልተሰደብኩም። የጠጣነው ብርዝ ነው፣ ገና ያልፈላ የማር ውሃ፤ የግቢው ሰዎች ወንጌላውያን ናቸውና ጠጅ ስለማይጠጡ በብርዝ ይሰክራሉ፤ በጨዋታቸው ማለቴ ነው። ያን ያህል በልቼ፣ ያን ያህል ስቄ፣ ያን ያህል ሳላነብ የቀረሁበት ሳምንት የለኝም።

በመጨረሻም ለአባቴ አንድ ጋን ማርና አንድ ቅል ቅቤ አስጭነው ላኩኝ፤ የዕርቅ ነው። አባቴ ጋኑን ከፍተው አሸተቱ፤ ታሪኩን በሙሉ ሰሙ።

«እንዲያው በሌለ ጠብ ይህን ካመጣህ» አሉ፣ «ለከርሞ በደንብ እንጣላ።»

ከአርጆ ከመነሣቴ በፊት የነበረው ጠዋት ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ዝናቡ አባርቷል። አሳማ ያፈረሰውን የበቆሎ ማሳ አጥር አባትና ልጅ ያጥራሉ። አባት እንጨቱን ይተክላል፣ ልጅ ያስራል። አባት እጁን ሲዘረጋ ልጅ ልጡን ያቀብላል። አይነጋገሩም። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ረጅም ጊዜ አየኋቸው፤ ከአንዲት «እህ» በቀር ከሁለቱም ቃል አልወጣም። የመጣሁበት ነገር ይኸው ፊት ለፊቴ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ዝምታ አጋጥሞኛል። የቤተ መጻሕፍት ዝምታ አለ፤ የለቅሶ ቤት አለ፤ የፈራ ሰው ዝምታ አለ፤ ይህን የመጨረሻውን የእኔ ትውልድ እስኪበቃው ጠግቦታል። የታረቁ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲሠሩ የሚሰማው ግን የተለየ ነው፤ ለብቻው ለተቀመጠ ሰው አይሰማም። እንዲህ ያለው ዝምታ ቢያንስ ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ ሁለት ዝም የሚሉ፣ አንድ የሚሰማቸው። ዛሬም ዕረፍት ሲያምረኝ የሚያምረኝ ያ ሦስተኛው ሰው መሆን ነው።